ከገረሴ የተደወለው ስልክ

ስልኩ የእኔ አልነበረም። ላነሳውም አይገባኝም ነበር። ካነሳሁት በኋላ ግን የሰማሁትን በሙሉ መናገር ነበረብኝ፤ እኔ ግማሹን ብቻ ተናገርኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለቀረው ግማሽ ነው።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቀን ቀን ከአርባ ምንጭ መውጫ ላይ ሙዝ እጭናለሁ። ገበሬው በጋሪ ያመጣውን አረንጓዴ ዘለላ በትከሻችን ተሸክመን አይሱዙ ላይ እንደረድራለን፤ በቅጠል እንሸፍነዋለን፤ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እኛ እንቀራለን። ይህ መቅረት ነበር የሚያንገበግበኝ። ሙዙ ሳይበስል የሚያየውን ከተማ እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ አላየሁትም። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሽፋናቸው የተገነጠለ መጻሕፍት እየለቀምኩ፣ ቤት የሚመታውንና የማይመታውን በጆሮዬ እየለየሁ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ። የምጽፈው በመጫኛ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው። ሠርግ ላይ አነባለሁ፣ ምርቃት ላይ አነባለሁ፤ ማይክ ካለበት አልጠፋም። ሰው "ገጣሚው" ሲለኝ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በፌዝ መሆኑን አውቃለሁ።

የሰፈራችን ማርሽ ባንድ ውስጥ የገባሁትም በዚያው በማይኩ ነው። ነፊ አይደለሁም፤ አስተዋዋቂ ነኝ። ባንዱን ያቋቋሙት ሃምሳ አለቃ ወንድይፍራው ናቸው። ከጎጃም በወታደርነት መጥተው፣ በጦር ሠራዊት ባንድ ሃያ ምናምን ዓመት ትሮምቦን ነፍተው፣ ጡረታ ሲወጡ አርባ ምንጭን አልለቅም ብለው የቀሩ ሰው ናቸው። ነፊዎቹ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ሁለት ልብስ ሰፊዎች፣ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ ናቸው። ቱባው በሽቦ ታስሯል፤ ጥሩምባዎቹ እዚህም እዚያም ተጨርምተዋል። የደንብ ልብሱ ግን ቀይ፣ ወርቃማ ጥለት ያለው፣ በደንብ የተተኮሰ ነው። አንድም ኪስ የለውም። ሃምሳ አለቃ ኪሶቹን በሙሉ አሰፍተው ደፍነዋቸዋል።

"ኪስ ያለው ሙዚቀኛ እጁን ያሳርፋል፤ እጁን ያሳረፈ ዜማውን ይጥላል" ይላሉ።

ስለዚህ በልምምድም በትርኢትም ቀን የሁሉም ሰው ስልክ ተሰብስቦ አንድ የሸራ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ቦርሳውን የምይዘው የደንብ ልብስ የማልለብሰው እኔ ነኝ። ሕጉ አጭር ነው፤ ስልክ ቢጮህ አይነሳም።

ያ ቅዳሜ የበጎ አድራጎት ትርኢታችን ቀን ነበር። ከሰፈራችን ታች አንዲት ሴት በግቢያቸው የሚያኖሯቸው ጧሪ የሌላቸው አሮጊቶች አሉ። ንፋስ ከዝናብ ጋር መጥቶ የቤታቸውን ጣሪያ ነቅሎ ወደ ሐይቁ በኩል ወሰደው። አሮጊቶቹ በሸራ ሥር ከርመዋል። ትርኢቱ ለጣሪያው ነው። ሰው ወደ አዳራሹ እንዲመጣ ደግሞ ስም ያለው እንግዳ ያስፈልጋል፤ እንግዳችን ጋሽ ታደለ ነበር።

ጋሽ ታደለ የገረሴ ልጅ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከደጋው ወርዶ አርባ ምንጭ ትምህርት ቤት ሲገባ ጥሩምባ ያስያዙት ሃምሳ አለቃ ናቸው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ከትልልቅ ዘፋኞች ኋላ ቆሞ ይነፋል። ፊቱን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ጥሩምባውን ግን ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ሰምቶታል። ዓርብ ማታ ገብቶ ሃምሳ አለቃ ቤት አደረ። ሻንጣው ውስጥ ለእናቱ የገዛው ጋቢ አለ። አራት ዓመት አላያቸውም። እሑድ በጠዋት ወደ ገረሴ ሊወጣ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ላይ ግጥሜን አነበብኩለት። ስለ እናት ነው፤ ለዕለቱ ብዬ የጻፍኩት። ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ ሳይናገር ጥሩምባውን አንስቶ ከኋላዬ ገባ። እኔ ስናገር እሱ ዝቅ ይላል፤ እኔ ትንፋሽ ስወስድ እሱ ይሞላዋል። ስንጨርስ ትከሻዬ ላይ እጁን አሳረፈ።

"ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሽ ታደለ።"

"ይሄን ትከሻ ሙዝ ሊጨርሰው አይገባም። ማክሰኞ ስመለስ አብረን እንሂድ። ስቱዲዮ አስገባሃለሁ።"

ከበሮ መቺው ጎበዜ "ሙዙስ? ማን ሊጭነው ነው?" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በልቤ አይሱዙው ላይ ወጥቼ ነበር፤ በቅጠል ተሸፍኜ።

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ባንዱ ልምምዱን ሲቀጥል ቦርሳውን ይዤ አዳራሹ በር ላይ ተቀመጥኩ። ስልክ ጮኸ። ዝም አልኩት። ደገመ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ቦርሳውን ከፍቼ አየሁ፤ የጋሽ ታደለ ነው። ስክሪኑ ላይ "አማረች" ይላል። አራተኛ ጊዜ ሲጮህ አነሳሁት።

"ታደለ! ታደለ ነህ?" የሴት ድምፅ ነው።

"አይደለሁም። እሱ ልምምድ ላይ ነው። ምን ልንገርልሽ?"

"እኔ እህቱ ነኝ። አማረች። ከገረሴ።" አማርኛዋ የደጋ ነው፤ ስትቸኩል ሴቱን በወንድ ትጠራለች። "አዮ ደክሟል። በጣም ደክሟል። ታደለን ይጠራል። ዛሬ ይምጣ። አሁን ይምጣ።"

አዮ በጋሞኛ እናት ማለት ነው።

"እሺ፣ እነግረዋለሁ።"

"ሞተ ብሎ እንዳይደነግጥ። አልሞተም! በእግዚአብሔር፣ አልሞተም። ያናግረኛል። ቆይ፣ ስማ። አንተ ራስህ ስማ።"

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። የአልጋ ጠርብ ሲጮህ ሰማሁ። ከዚያ ደረቅ ሳል መጣ፤ ሁለት ጊዜ። ቀጥሎ ከሩቅ እንደሚመጣ ቀጭን የአሮጊት ድምፅ፣

"ናኔ? … ናኔ?" አለ።

"ሰማህ?" አለች አማረች።

"ሰማሁ" አልኳት።

መስመሩ ተቋረጠ።

እናንተ አሁን ይህን ስታነቡ "እናትየዋ በሕይወት አሉ ማለት ነው" ትላላችሁ። በጽሑፍ ሲሆን ቀላል ነው። እኔ ግን አባቴ የሞተ ቀን "ትንሽ አሞታል፣ ናና እየው" ተብዬ የተጠራሁ ልጅ ነኝ። አክስቴ የሞተች ቀን "ተሽሏታል፣ ሾርባ ጠጥታለች" ነው የተባልነው፤ ደርሰን ድንኳኑን አየን። በስልክ ሞተ የሚል ሰው በአገራችን የለም። "አልሞተም" ብሎ የሚምል ሰው ደግሞ ስለ ሕያው ሰው አይምልም። ይህን ሁላችንም ከእናት ጡት ጋር ነው የተማርነው።

ሃምሳ አለቃን ከልምምዱ ጠርቼ በሩ ላይ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አረፉ በለኛ።"

"አልሞተችም ነው የምትለው፣ ሃምሳ አለቃ። ትጠራዋለች፣ ዛሬውኑ ይምጣ ነው የምትለው።"

"ታዲያ ምን እንድትል ፈልገህ ነበር? እናቴ ሞተች ብላ በስልክ ታረዳው?" አንገታቸውን ነቀነቁ። "ማለች?"

"ምላለች።"

"በቃ። ልቅሶ ይሰማል?"

"አይሰማም።"

"ልጁ እስኪደርስ ይዘውታል ማለት ነው። አይ ወይዘሮ! አንድ ቀን እንኳ ቢቆዩለት ምን ነበረበት?" አይናቸው እንባ አቀረረ። ይህን የምጽፈው ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ ነው። ታደለን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱት።

ያኔ ነበር ስለ ሳሉ መናገር የነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። "አንዲት አሮጊት ድምፅ ሰምቻለሁ" ልል ነው። በዚያች ቅጽበት ከአዳራሹ ውስጥ ጥሩምባው ተነሳ። ጋሽ ታደለ ብቻውን ነበር የሚነፋው፤ ለእኔ ግጥም ያወጣትን ዜማ። ሃምሳ አለቃ ዘወር ብለው ሰሙት፤ እኔም ሰማሁት። አፌን ዘጋሁ። ጎረቤት ትሆናለች አልኩ ለራሴ። ሬሳ የምትጠብቅ ሌላ አሮጊት ትሆናለች። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስንት ነገር ለራሴ እንዳስረዳሁ ብታውቁ!

"ስማኝ ምናሴ" አሉኝ ሃምሳ አለቃ። "መርዶ በጠራራ ፀሐይ አይነገርም፤ በመንገድ ላይም አይነገርም። ሰው አዕምሮውን ስቶ ይቀራል። ነገ ሊነጋጋ ሲል ቄሱንና ሽማግሌዎቹን ይዤ፣ ቤቴ ውስጥ፣ በወጉ አረዳዋለሁ። የሞተ ሰው የትም አይሄድም። እነዚያ አሮጊቶች ግን ዛሬ ሰው ካላያቸው በሸራ ሥር ሌላ ክረምት ነው። ስልኩን አጥፋው፤ ለባንዱ ልጆች እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ስልኩን አጠፋሁት።

ምሳ ላይ ጋሽ ታደለ አጠገቤ ተቀመጠ። አሳ ቀርቦልን ነበር፤ እሾሁን በጣቱ እየለቀመ ያወራል።

"ምናሴ፣ እስቲ ስልኬን ስጠኝ። አዮን ልስማት።"

"ኔትወርክ የለም፣ ጋሽ ታደለ። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።"

"የገረሴ ኔትወርክ ደመና ሲያይ ነው የሚሸሽ" አለና ሳቀ። "የማን ስልክ ይሠራል እዚህ?"

ሃምሳ አለቃ ለሁሉም ነግረዋቸዋል። መምህሩ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ጎበዜ፣ ያ አፉ የማያርፍ ጎበዜ፣ "ቁጥሩን በቃልህ ታውቀዋለህ እንዴ?" አለ ድምፁን እያስተካከለ።

"የእህቴን ቁጥር? አላውቀውም። ያሳፍራል አይደል? አዮ እኮ የራሷ ስልክ የላትም፤ በአማረች ነው የምትሰማኝ።" እጁን ጠረገ። "ቤት ስገባ ምን እንደምትለኝ ታውቃላችሁ? 'ጥሩምባህን በር ላይ አስቀምጥ፣ ላሟ ትደነግጣለች።' ሰላምታዋ ይሄ ነው። አራት ዓመት ቆይቼ ብገባም መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ላሟ ነው።"

ሁሉም ሳቁ፤ ከልክ በላይ ሳቁ። እሱም ያስተዋለ መሰለኝ። አንድ ጊዜ ፊታችንን ዞሮ አየን።

"ምን ሆናችኋል ዛሬ? የቀብር ባንድ መሰላችሁ እኮ።"

"ፍርሃት ነው፤ ካንተ ጋር መንፋት ቀላል መሰለህ?" አሉ ሃምሳ አለቃ።

ትርኢቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይመለከት ነበር። አሮጊቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው የፊት ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ማርሹ ሲገባ አንዷ በመዳፏ ጉልበቷን እየመታች ትከተለው ነበር። ሁሉም ነገር አማረ። የተናገርኩት ሁሉ አስጨበጨበ። ሰው እንዲህ ሲሰማኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስታው እውነት ነበር፤ አልዋሻችሁም።

ፕሮግራሙን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። "አሥር ሰዓት፦ ግጥም ከጥሩምባ ጋር" ይላል። የአዳራሹ ሰዓት ከሕዝቡ ኋላ ግድግዳው ላይ ነው፤ ከመድረክ ቀና ስል ፊት ለፊቴ ነው። አሥር ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ጀመርን። ሁለተኛው ቤት ላይ ስደርስ የፊት ወንበር ላይ ያለች አንዲት አሮጊት ሳለች። ደረቅ ሳል። ሁለት ጊዜ።

ቀጣዩ ስንኝ ከራሴ ወጥቶ ሄደ። ራሴ የጻፍኩት፣ ሌሊት ቢቀሰቅሱኝ የምወጣው ግጥም ጠፋኝ። ማይኩን ይዤ ቆምኩ። ጋሽ ታደለ ገባው፤ አንድ ረጅም ድምፅ አወጣ። ሳይቋረጥ፣ ሳይወርድ፣ ከየት እንደሚያመጣው በማይታወቅ ትንፋሽ አቆየው። ሕዝቡ ታስቦበት የተደረገ መስሎት ነበር። ሲጨርስ ብዙ ሰው አለቀሰ። አሮጊቶቹም አለቀሱ። እኔ የቀረውን ግጥም እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ከመድረክ ስንወርድ ጋሽ ታደለ "የቱ ጋ ነው የጠፋብህ?" ብሎ በጆሮዬ ሳቀብኝ። "ምንም አይደል። እኔም እዚያ ላይ አንድ ነገር መጣብኝ።"

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንግዳውን የባንዱ ልጆች ለእራት ይዘውት ሲሄዱ አንድ ሰው ወደ አዳራሹ መጣ። አቶ ዘለቀ ይባላል፤ እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር የሚኖር የጋሽ ታደለ የአጎት ልጅ ነው። አይኑ ቀልቷል። ሃምሳ አለቃን ወደ ጥግ ወሰዳቸው፤ እኔ ወንበር እሰበስባለሁ።

"አሁን ደወሉልኝ። የታደለ እናት አረፉ። እንዴት እንንገረው?"

"እኛ ከጠዋት ጀምሮ እናውቃለን። ነገ ማለዳ በወጉ እናረዳዋለን፤ ሽማግሌም አዘጋጅቻለሁ" አሉት ሃምሳ አለቃ።

አቶ ዘለቀ ቀና አለ። "ከጠዋት?" አለ። ግንባሩ ተቋጠረ። ሌላ ነገር ሊጠይቅ ብሎ ተወው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ነው። ሃምሳ አለቃ አላስተዋሉም። እኔ አስተዋልኩ። ሰው ፊት ላይ የሚያልፍ ነገር አያመልጠኝም፤ በዚህ እኮራ ነበር። የያዝኩትን ወንበር አስቀምጬ ተቀመጥኩበት። ጠዋት የሰማኋቸው እሳቸው ራሳቸው እንደነበሩ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አወቅኩ። ሌሊቱን እያወቅኩ አደርኩ።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ሃምሳ አለቃ ቤት ገባን፤ ቄሱ፣ አቶ ዘለቀ፣ ሦስት ሽማግሌዎች፣ የባንዱ ሰዎች በሙሉ። ጋሽ ታደለ ለመንገድ ለብሶ፣ ጋቢውን በፌስታል ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። በሩ ላይ ስንደረደር አየን። አንድ በአንድ አየን። ማንም ሳይናገር ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ማን ነው?" አለ። ከዚያ "አዮ?" አለ።

ወጉ በወጉ ሆነ። ቄሱ ተናገሩ፤ ሽማግሌዎቹ ያዙት፤ ሃምሳ አለቃ አብረውት ወደቁ። እንደ አገሩ ልማድ ምንም አልጎደለም።

በሚኒባስ ወጣን። ወደ ኮንሶ የሚወስደውን መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ዳገቱን ስንይዝ ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ። ጭጋግ ገባ። ጋሽ ታደለ መስኮቱ ላይ ተደግፎ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ "ስልኬን ትናንት አንስቼ ቢሆን የመጨረሻ ድምጿን እሰማ ነበር?" አለ። ሃምሳ አለቃ "ከጠዋት ነው ያረፉት፣ ልጄ። ምንም አታደርግም ነበር" አሉት። ከልባቸው ነው ያሉት። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ቦርሳውን አቅፌ ነበር። ስልኩ አሁንም ውስጡ ነው፣ እንደጠፋ፤ ማታም ኔትወርክ አልመጣም ብለን አቆይተነዋል።

ግቢው በእንሰት የታጠረ ነው። ሰው ሞልቷል፤ ሬሳው ገና አልወጣም። ጋሽ ታደለ እየጮኸ ሲገባ አማረች ከቤት ወጣች። ሮጣ የምታቅፈው መስሎን ነበር። ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

"አሁን መጣህ?" አለችው።

"አማረች…"

"እስከ አሥር ሰዓት ጠበቀህ። ፀሐይ እያየ፣ በር በሩን እያየ። ትናንት አሥር ሰዓት ነው የሞተው።"

ሃምሳ አለቃ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ትናንት… አሥር ሰዓት?" አሉ። "ጠዋት አይደለም?"

"ጠዋት እኮ ደወልኩ! ያናግረኛል፣ ይጠራሃል አልኩ። ወንድ አነሳ። ድምፁን ራሱ ሰምቷል። አዮ ጠርቶሃል፣ ታደለ፤ በስልኩ ጠርቶሃል!"

ጋሽ ታደለ ዞሮ አየን። እንደ ጠዋቱ፣ አንድ በአንድ።

ከሽማግሌዎቹ መካከል ዱላቸውን የተደገፉ አንድ ሰው ወደ መሐል ወጡ። በጋሞኛ ነው የተናገሩት፤ እሰማለሁ። "በዚህ ሞት ውስጥ የተሸሸገ ነገር አለ። ሬሳው ከመነሳቱ በፊት ይውጣ። ካልወጣ ጎሜ ይሆናል፤ ጎሜ የሸሸገውን ብቻ አይነካም፤ ልጆቹን ይነካል፣ ከብቱን ይነካል፣ ዝናቡን ይነካል። ያለው ይናገር" አሉ። ጎሜ የተሸሸገ ነውር የሚያመጣው መቅሰፍት ነው።

ሃምሳ አለቃ ተንበረከኩ። ካኪ ሱሪያቸው ጭቃው ውስጥ ገባ። "እኔ ነኝ። በልማዳችን ሞተዋል ብዬ ነው። ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አሉ።

በዚሁ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሰውየው ሽማግሌ ናቸው፤ በቅንነት የተሳሳቱ ናቸው፤ ይቅር ይባላሉ። እኔ ዝም ብል እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም ነበር። አንድ እርምጃ ወደፊት የወሰድኩት ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ከኋላዬ የቆመው ጎበዜ የሚያየኝ መስሎኝ ነው። አስቡት፣ ያኔም ስለ ሰው አይን ነበር የማስበው።

"ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "እናትህን ሰምቻለሁ። ሲያስሉም ሰምቻለሁ። ለሃምሳ አለቃ አልነገርኳቸውም። እሳቸው የሚያውቁት ያልኳቸውን ብቻ ነው።"

"ለምን?" አለ ጋሽ ታደለ። ድምፁ አልጮኸም።

"ግጥሙን ላነብ ነበር።"



ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲመታኝ እፈልግ ነበር። ቀረብ አለኝ፤ ትንፋሹ ፊቴ ላይ እስኪሰማኝ ድረስ።

"ምን አለች?"

"ናኔ አሉ። ሁለት ጊዜ።"

አማረች ጮኸች። ኋላ እንደነገሩኝ የልጅነት ስሙ ነው፤ በዓለም ላይ በዚያ ስም የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

"እንደ እሷ አድርገህ ጥራኝ" አለኝ።

"ጋሽ ታደለ…"

"አንተ ነህ የሰማሃት። እኔ አልሰማሁም። እንደ እሷ ጥራኝ።"

ማይክ ባለበት ሁሉ የማልጠፋው ሰው፣ በዚያ ግቢ፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት አፌን ከፈትኩ። ድምፄን አቀጠንኩት። ከሩቅ እንደሚመጣ አደረግኩት። መጨረሻው ላይ እንደሚጠይቅ ሰው ከፍ አደረግኩት።

"ናኔ? … ናኔ?"

አይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ከዚያ አልፎኝ ወደ ቤቱ ገባ።

ቀብሩ ላይ ጥሩምባ አልተነፋም። ጋቢውን ከእናቱ ጋር ቀበረው። ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ማንም አብሮት አልሄደም።

የአሮጊቶቹ ጣሪያ ተሠርቷል፤ ዝናብ አያስገባም። ሃምሳ አለቃ ከገረሴ በተመለሱ ሳምንት የደንብ ልብሶቹን ጭናቸው ላይ ከምረው የኪሶቹን ስፌት አንድ በአንድ በምላጭ ሲፈቱ አገኘኋቸው። አንዱን ልብስና ሌላ ምላጭ ሰጡኝ፤ አብረን ፈታን። አሁን ባንዱ ውስጥ ሁሉም ስልኩን በኪሱ ይዞ ይነፋል። አስተዋዋቂነቱን ትቻለሁ። ሙዝ አሁንም እጭናለሁ። ከተቆረጠው ዘለላ የሚወጣ የሙዝ ወተት ልብስ ላይ ሲንጠባጠብ ውሃ ይመስላል፤ ሲውል ሲያድር ነው ጥቁር የሚሆነው፤ ከዚያ በኋላ ሳሙና አያስለቅቀውም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ እኔ ልማዱን ልረግም አልተነሳሁም። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ተብሎ፣ በፍቅር የተሠራ ልማድ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እንደ ገጣሚ ብዙ ቀን ደክሜበታለሁ። ያን ጠዋት አማረች ምን ብላ ቢሆን እናምናት ነበር? "አልሞተችም" አለች። ማለች። ድምፃቸውን አሰማች። በአማርኛ ያለውን ቃል ሁሉ አገላብጬ አይቻለሁ፤ የምናምነው ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። ለዘመናት "ትንሽ አሟት ነው" እየተባባልን የታመመን ሰው የሚጣራበት ቃል አሳጥተነዋል። ስለዚህ ስልክ ተደውሎ "ታማለች፣ ና" ከተባላችሁ አትመራመሩ፤ ተነሱና ሂዱ። ሞታ ከሆነ ትቀብራላችሁ። ስልኩ የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ የሰማችሁትን በሙሉ ስጡት፤ ሳሉንም ጭምር።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ታደለን በአይኔ አላየሁትም። ግን ይደውላል። በወርም በሁለት ወርም አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀን፣ ሙዝ እየጫንኩ ሳለ። ሰላምታ የለም። ከወዲያ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ የአዲስ አበባ መንገድ መሆኑን አውቃለሁ።

"ጥራኝ" ይለኛል።

ከትከሻዬ ላይ ዘለላውን አወርዳለሁ፤ ከሰዎቹ ፈቀቅ እላለሁ፤ ድምፄን አቀጥናለሁ። እጠራዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ።

ከዚያ ይዘጋዋል።